ልጆችን በቢኤምአይ መመዘን፦ ከሁለት ልጆቼ ያየሁት

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት «ቢኤምአይ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) ከፍተኛ ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ከመጣ፣ ወይም ራሳችሁ ስልክ ላይ አስልታችሁ የወጣው ቁጥር ግራ ካጋባችሁ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የ9 ዓመት ሴትና የ12 ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። በሴቷ ሰበብ የተጀመረ ምርመራ ማንም ያልጠረጠረውን የወንድሟን ችግር ስላወጣብኝ፣ ስለዚህ ቁጥር ሳልወድ በግድ ብዙ ተምሬያለሁ።

ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን በሙሉ ለክቶ ለየወላጁ ወረቀት ላከ። የሴቷ ልጄ ላይ ክብደት 37.8 ኪሎ፣ ቁመት 1.37 ሜትር፣ ቢኤምአይ 20.1፣ ከጎኑም «ከመጠን ያለፈ ክብደት» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለውም። ፖስታ ውስጥ ስላልነበረ ከእኔ በፊት እሷ አንብባዋለች። ያንኑ ክብደትና ቁመት ስልኬ ላይ ሳስገባ ደግሞ በአረንጓዴ ቀለም «ጤናማ ክብደት» የሚል መጣ።

ስልኩ የተጠቀመው የአዋቂዎችን መለኪያ ነው፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት የሚለውን። ብዙዎቹ ማስሊያዎች እንዲህ ናቸው። ዕድሜና ጾታ ሳይጠይቅ ለልጅ ውጤት የሚሰጥ ማስሊያ ካጋጠማችሁ ዝጉት፤ የሚሰጣችሁ መልስ ለልጃችሁ አይሆንም።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ክብደትን በኪሎ ትወስዳላችሁ፣ ቁመትን በሜትር አድርጋችሁ በራሱ ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ክብደቱን ለዚያ ታካፍላላችሁ። ቀመሩ የቤልጂየሙ የስታቲስቲክስ ሰው አዶልፍ ኬትሌ በ1832 (እ.ኤ.አ.) ካደረገው ጥናት የመጣ ነው። ሰውየው የፈለገው የብዙ ሰው አማካይ አካል ምን እንደሚመስል ማወቅ ነበር፤ የአንድን ልጅ ጤና ለመመርመር ፈጽሞ አላሰበውም። «ቦዲ ማስ ኢንዴክስ» የሚለውን ስም ያገኘው ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪይስና ባልደረቦቹ ባወጡት ጽሑፍ ነው። የሕዝብ መለኪያ ሆኖ መወለዱን ማወቄ ቁጥሩን በልኩ እንድይዘው ረድቶኛል።

ልጅ ላይ ሲመጣ ነገሩን የሚያወሳስበው የሰውነት ቅርጽ ከዓመት ዓመት መለዋወጡ ነው። ቢኤምአይ በመጀመሪያው ዓመት ይወጣል፤ ሕፃኑ መሄድና መሮጥ ሲጀምር ይወርዳል፤ ከ5 እስከ 6 ዓመት ገደማ ዝቅተኛው ላይ ይደርስና እንደገና ወደ ላይ ይጀምራል፤ እስከ ጉርምስና መጨረሻም ይቀጥላል። በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ መካከለኛዋ የ5 ዓመት ሴት ልጅ 15 ገደማ ናት፤ በ9 ዓመት 16.1፣ በ19 ዓመት 21.4። ስለዚህ የልጄ 20.1 ለ5 ዓመት ሴት ልጅ ውፍረት ነው፤ ለ9 ዓመት ከመጠን ያለፈ ክብደት፤ ለ19 ዓመት ወጣት ደግሞ ከመካከለኛው በታች ያለ ጤናማ ቁጥር። በነገራችን ላይ ያ ወደ ላይ መመለሻ ጊዜ ሐኪሞች በጣም የሚያዩት ነው። ከ5 ዓመት በፊት ቀድሞ መነሣት የጀመረ ልጅ በኋላ ላይ ለውፍረት የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ለዚህ ነው የልጅ ቢኤምአይ ሁልጊዜ ከእኩዮቹ ጋር የሚነጻጸረው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2000 ያወጣው ሠንጠረዥ ፐርሰንታይል ይጠቀማል፤ ከ85ኛው እስከ 95ኛው በታች ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 95ኛውና ከዚያ በላይ ውፍረት ይባላል። 85ኛው ላይ ነው ማለት በዕድሜና በጾታ ከሚመስሉት 100 ልጆች 85ቱን ይበልጣል ማለት ነው። ግን እነዚያ 100 ልጆች ዛሬ ከልጃችሁ ጋር ክፍል ውስጥ የተቀመጡት አይደሉም፤ ከአሥርት ዓመታት በፊት የተለኩ ናቸው። «ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እሱን ይመስላሉ» ብሎ መጽናናት የማይሠራው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2007 ሠንጠረዥ ደግሞ ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት ከመካከለኛው በላይ ባሉ መስመሮች ይለያል፤ አንደኛውን ያለፈ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ሁለተኛውን ያለፈ ውፍረት። ሁለቱ ሠንጠረዦች በጥቂቱ ስለሚለያዩ ልጃችሁ የተመዘነው በየትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

የሕፃናት ሐኪም ጋ ስንሄድ ዶክተሩ ወረቀቱን አይተው ወደ ጎን አደረጉትና «መጀመሪያ እኔ ልለካት» አሉ። ጫማና ሹራብ አስወለቁ፤ ጭንቅላቷ ላይ የተቋጠረውን ፀጉር አስፈቱ። ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ጀርባና የጭንቅላት ጀርባ ግድግዳውን እንዲነኩ አድርገው፣ አገጯን በጣታቸው ትንሽ አስተካክለው ፊት ለፊት እንድታይ አደረጉ። «አሁን ረጅም ሁኚ» አሏት። 1.40 ሆነች። ክብደቷ 37 ኪሎ። ቢኤምአይ 18.9።

ሦስቱ ሴንቲሜትር የት ሄደው እንደነበር ከእሷ ነው የሰማነው። ክፍሏ ውስጥ ረጅሟ እሷ ናት፤ ተሰልፈው ሲለኩ ከወንዶቹ በላይ እንዳትወጣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ነበር የቆመችው። የሚለካው ሰው ወደ እግሯ አላየም። ቁመት በራሱ የሚባዛ ስለሆነ ትንሿ ግድፈት ታድጋለች። ክብደቱን 37 ላይ ብናቆመው እንኳ በ1.40 የሚወጣው 18.9 በ1.37 ሲሆን 19.7 ይሆናል። የተቀረውን የጨመሩት ጫማና ሹራቡ ናቸው። ቤት ውስጥ የምትለኩ ከሆነ ሜትሩን ልጁ ራስ ላይ ዘርግታችሁ በዓይን አትገምቱ። ልጁን በባዶ እግሩ ግድግዳ ላይ አስደግፉት፤ ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ ከግድግዳው ጋር ቀጥ አድርጋችሁ ራሱ ላይ አሳርፉ፤ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ከወለሉ ለኩ። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ውጤቱ ከተራራቀ ሦስተኛ ለኩ።

18.9 ራሱ ልብ የሚያሳርፍ ቁጥር አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅቱ ሠንጠረዥ በ9 ዓመት ለሴት ልጅ የመጀመሪያው መስመር 18.3 ስለሆነ አሁንም በትንሹ አልፋለች፤ በአሜሪካው ግን 85ኛው ፐርሰንታይል ሥር ትቀራለች። «እንግዲህ የትኛውን ልመን?» አልኳቸው። ዶክተሩ መልስ ሳይሰጡኝ የድሮ ልኬቶቿን ጠየቁኝ። ከክትባት ካርዷና ከቀድሞ ምርመራዎቿ የነበሩትን አንድ በአንድ ግራፉ ላይ ነጠብጣብ አደረጓቸው። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያንኑ ከፍ ያለ መስመር ይዛ ነው የመጣችው፤ አልዘለለችም፣ አልወረደችም። ቁመቷም እንደዚያው። ወገቧን ሲለኩ 63 ሴንቲሜትር ሆነ፤ ለቁመቷ ለ140 ሲካፈል 0.45፣ ማለትም ከቁመቷ ግማሽ በታች። ሰውነቷ ለአቅመ ሔዋን መድረስ መጀመሩንም ነገሩኝ፤ ቀደም ብለው የሚጀምሩ ልጆች ደግሞ ከእኩዮቻቸው ረዘም፣ ከበድ ይላሉ። ደም ግፊቷ ደህና። «በስድስት ወር መልሰን እናያታለን፤ እስከዚያ ምንም አትቀንሱባት» አሉ።

አሁን እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ «የኔም እንደዚያ ነው፣ አጥንተ ትልቅ ነው» ብሎ እንደሚዘጋው አውቃለሁ። እባካችሁ አትቸኩሉ። ቢኤምአይ ስብን ከጡንቻና ከአጥንት አይለይም፤ እውነት ነው። ግን ስህተቱ የሚበዛው በየት በኩል እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በ2015 የታተመ፣ 37 ጥናቶችንና ከ53 ሺህ በላይ ልጆችን ያካተተ ትንተና ቢኤምአይን ከትክክለኛ የስብ ልኬት ጋር አነጻጽሮ ነበር። የሰውነት ስባቸው ከመጠን ካለፈ 100 ልጆች ቢኤምአይ የያዘው 73ቱን ነው፤ ሌሎቹ 27ቱ «ደህና» ተብለው አልፈዋል። ስባቸው ከመጠን ካላለፈ 100 ልጆች ውስጥ ግን 93ቱን በትክክል ነፃ ብሏል። ማለትም በሐሰት የሚከሰው ጥቂት ነው፣ የሚያመልጠው ብዙ። የሴት ልጄ ዓይነት ታሪክ፣ በተለይ ድንበር አካባቢ፣ ያጋጥማል። ከ95ኛው በላይ ርቆ የወጣ ልጅ ግን ጡንቻ ነው ብሎ ማለፍ ራስን ማታለል ነው።

ወንዱ ልጄ ደግሞ ከሚያመልጡት ወገን ሆኖ ተገኘ። እህቱን ሊያጅብ መጥቶ ጥግ ላይ ስልክ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ዶክተሩ ስንወጣ «እሱንስ ለክታችሁት ታውቃላችሁ?» አሉኝ። ቀጭን ነው ብዬ የማስበው ልጅ ነው፤ ክንዱና እግሩ ሲታይም ቀጭን ነው። 43.9 ኪሎ፣ 1.50 ሜትር፣ ቢኤምአይ 19.5። ለ12 ዓመት ወንድ የመጀመሪያው መስመር 19.9 ስለሆነ በሁለቱም ሠንጠረዥ ጤናማ ነው። የትምህርት ቤቱ ወረቀትም ስለ እሱ ምንም አላለም ነበር።

ሸሚዙን ገልጠው ወገቡን ሲለኩ ግን 76 ሴንቲሜትር ወጣ። 76 ለ150 ሲካፈል 0.51 ገደማ ይመጣል። ወገብ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ የሚለው ነገር ለልጆችም ይሠራል፤ የእንግሊዝ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የናይስ መመሪያ ከ5 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ከ0.5 እስከ 0.59 አደጋው የጨመረ፣ 0.6ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይለዋል። ቢኤምአዩም ቢሆን፣ በ8 ዓመቱ መካከለኛው መስመር ላይ የነበረ ልጅ አሁን ያንን የ19.9 መስመር ሊነካ ምንም አልቀረውም። አንድ ቀን የተለካውን ብቻ ያየ ሰው ደህና ይለዋል፤ አራት ዓመቱን አከታትሎ ያየ ግን ይደነግጣል። የደም ምርመራ ታዘዘለት፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስኳሩና ጉበቱ ደህና ነበሩ።

ወገብ አለካክም የራሱ ዘዴ አለው። ሜትሩ የሚያርፈው ሱሪ የሚታጠቅበት ላይ አይደለም፤ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው። ልጁ ቆሞ፣ እንደ ልማዱ ተንፍሶ አየር ካወጣ በኋላ፣ ልብስ ሳይኖር፣ ሜትሩ ቆዳ ሳያስጨንቅ። ልጆች ሲለኩ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ የኔው ሦስት ጊዜ ስቦ እስኪስቅ ጠበቅነው።

ስለ ሌሎቹ መለኪያዎችም ጠይቄያለሁ። የስብ መቶኛ የሚያሳዩ የቤት ሚዛኖች ቀላል ኤሌክትሪክ ሰውነት ውስጥ አሳልፈው የሚገምቱ ናቸው፤ ልጁ ውሃ ጠጥቶ ወይም ሮጦ ከመጣ ቁጥሩ ይለዋወጣል። የቆዳ እጥፋት በመቆንጠጫ መለካት የለመደ እጅ ይጠይቃል። ዴክሳ የሚባለው፣ ስብን ከጡንቻና ከአጥንት የሚለየው የራጅ ምርመራ፣ ጥሩ ነው፤ አነስተኛ ጨረር የሚጠቀም ሆኖ በብዛት የሚሠራበት ለጥናት ነው፣ እያንዳንዱን ልጅ ወደዚያ መላክ አያስፈልግም። በ2025 መጀመሪያ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የባለሙያዎች ኮሚሽን ሪፖርትም ውፍረትን በአንድ ሰው ላይ በቢኤምአይ ብቻ አትፍረዱ፣ ወገብን በመሰለ ሌላ ልኬት አረጋግጡ ነው ያለው። ዘርም ልዩነት ያመጣል፤ የደቡብ እስያ ዝርያ ያላቸው ልጆች በተመሳሳይ ቢኤምአይ ብዙ ስብ ይኖራቸዋል፣ ጥቁር ልጆች ደግሞ በአማካይ ያነሰ።

ከቁጥሩ ይልቅ የከበደኝ ስለ እሱ ከልጆቹ ጋር ማውራቱ ነበር። ሴቷ ልጄ ወረቀቱን ባነበበች ማታ «እማዬ፣ ወፍራም ነኝ እንዴ?» አለችኝ። «ሰውነትሽ እያደገ ነው፣ ዶክተር ጋ ሄደን እንዴት እያደገ እንደሆነ እናያለን» አልኳት እንጂ ነሽም አይደለሽምም አላልኩም። ወንዱን ደግሞ «ልባችን፣ ደማችን ጤነኛ እንዲሆን የሁላችንም ነገር ይስተካከላል» አልነው። የሁላችንም ያልነው ለማስመሰል አይደለም፤ ቤት ውስጥ ጣፋጭ መጠጥ መግዛት አቆምን፣ ስልክ በመኝታ ሰዓት ከሁላችንም ክፍል ወጣ፣ አባቱም ጭምር አጉረመረመ። ለብቻው ሳህን የሚቀነስበት ልጅ ደብቆ መብላት ይማራል፤ ይህን በሌሎች ቤት አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል፤ እኛ የያዝነው እሱ ራሱ የመረጠውን ነው፣ ኳስ አይወድም፣ ብስክሌት ይወዳል።

ሚዛኑንም ከመታጠቢያ ቤት አንሥቼዋለሁ። ዶክተሩ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በቂ ነው ብለውኛል፤ በየሳምንቱ የሚመዘን ልጅ ከሚያተርፈው የሚጨነቀው ይበልጣል። ደግሞም የሚያድግ ልጅ ብዙ ጊዜ መክሳት አያስፈልገውም። የወንዱን ልጄን ብታሰሉት ይገባችኋል፦ በ44 ኪሎ ቆሞ ቁመቱ ከ1.50 ወደ 1.56 ቢያድግ ቢኤምአዩ ወደ 18.1 ይወርዳል፣ አንድ ኪሎ እንኳ ሳይቀንስ። ይህን ሳያውቁ የአዋቂ የክብደት መቀነሻ አመጋገብ ልጅ ላይ የሚጭኑ ወላጆች አሉ፤ ያለ ሐኪም አታድርጉት፣ ቁመቱን ልትጎዱ ትችላላችሁ።

በስድስት ወር ስንመለስ ሴቷ መስመሯን አለቀቀችም። ወንዱ በቁመት ጨመረ፣ ወገቡ ከግማሽ በታች ገባ፣ ደሙ ገና ሊደገም ነው።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ የምትሄዱባቸውንም ዶክተሩ ነግረውኛል። በእንቅልፉ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም የሚልበት ልጅ። አንገቱ ጀርባ ወይም ብብቱ ሥር ቆዳው የጠቆረና እንደ ቬልቬት የወፈረ፤ ይህን ብዙ እናት እድፍ መስሏት ትፈትገዋለች፣ አይለቅም፣ የኢንሱሊን ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል። ውሃ ጥም የበዛበት፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ የሚነሣ። ከሁሉ ደግሞ ክብደቱ እየጨመረ ቁመቱ የቆመ ልጅ። በምግብ ብዛት የወፈረ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለዕድሜው ረዘም ይላል እንጂ አያጥርም፤ ክብደቱ ወጥቶ ቁመቱ ከቀረ የሆርሞን ችግር መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የቢኤምአዩን ግራፍ ብቻ ሳይሆን የቁመቱንም አብሮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።